የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሲሆን፤ የዌልሾች የትውልድ ታሪክና መዛግብቱ

በብሪታንያ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል የምትገኘው ዌልስ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከሦስት ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ አነስተኛ አገር ናት። ይሁን እንጂ የዘራቸው ምንጭ ከዚያ መሆኑን የሚናገሩ ሰዎች በእንግሊዝ ከተሞች፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በአርጀንቲና በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል የአያቶቻቸውን ታሪክ ለማጥናት የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን የሚጀምሩት በእጃቸው ባለው አንድ ነገር፣ ማለትም በቤተሰብ ስማቸው ነው። ይህ መንገድ ለእንግሊዛዊው ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ ያገለግላል፤ ለዌልሱ ግን ገና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ትውልድ ላይ ይዘጋበታል። ስሙ ጆንስ፣ ዴቪስ ወይም ዊሊያምስ ከሆነ በአንድ አውራጃ መዝገብ ውስጥ ያንኑ ስም የያዙ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ያገኛል፤ ከእነዚህም ውስጥ አብዛኛዎቹ እርስ በርሳቸው የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ናቸው።

ለዚህ ችግር የመዛግብት መጥፋት የራሱ ድርሻ አለው። ዋናው ምክንያት ግን የዌልስ የቤተሰብ ስም ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ይህን ነገር ለአንድ እንግሊዛዊ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ያስፈልጋል፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ዌልሾች ለብዙ መቶ ዓመታት ይጠሩ የነበረው በራሳቸውና በአባታቸው ስም ነበር ማለት ይበቃል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብ።)

አጠራሩ እንደሚከተለው ነበር። ሃወል የተባለ ሰው ሪስ የሚባል ልጅ ቢወልድ ልጁ «ሪስ አፕ ሃወል» ይባላል፤ «አፕ» ማለት «ወንድ ልጅ» ማለት ነው። ሪስም ዳቪድን ቢወልድ «ዳቪድ አፕ ሪስ» ወይም ዘሩን ገፋ አድርጎ ለመቁጠር ሲፈለግ «ዳቪድ አፕ ሪስ አፕ ሃወል» ይሆናል። የሚቀጥለው ስም በአናባቢ ድምፅ የሚጀምር ሲሆን «አፕ» ተለውጦ «አብ» ይሆናል። ይህ ቃል ከግዕዙ «አብ» ጋር በድምፅ መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ የትርጉሙ አቅጣጫም የተገላቢጦሽ ነው። ሴት ልጅ «ቬርኽ» በሚል ቃል ከአባቷ ጋር ትጠራለች፤ ካገባችም በኋላ የአባቷን ስም እንደያዘች የምትኖረው ብዙ ጊዜ ነበር። ስለዚህ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ የቀብር መዝገብ ላይ ባልና ሚስት በተለያየ ስም ቢገኙ መዝጋቢው የአገሩን ልማድ ተከትሎ መጻፉን ያሳያል እንጂ ስሕተት መኖሩን አያመለክትም።

ይህ ዓይነቱ አጠራር ለጌጥ የተያዘ አልነበረም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በነገሠው በንጉሥ ሃወል ደጉ ስም የሚጠራው የዌልስ ሕግ የሰውን መብትና ግዴታ ያያዘው ከዘሩ ጋር ነው። የአባት መሬት ለወንዶች ልጆች ሁሉ ይከፋፈል ነበር፤ ክፍፍሉም በወንድማማቾች፣ ከዚያም በአጎት ልጆች፣ በመጨረሻም ቅድመ አያታቸው አንድ በሆነ ዘመዳሞች መካከል እንደገና ሊታይ ይችል ነበር። ሰው የገደለ እንደሆነም የደሙን ዋጋ የሚከፍሉት እስከ ሩቅ ድረስ የሚቆጠሩ ዘመዶቹ ነበሩ፤ ተቀባዮቹም የሟቹ ዘመዶች ናቸው። እንግዲህ ዘሩን መቁጠር የማይችል ሰው መሬቱንም ሆነ ደሙን ሊከራከርበት አይችልም ማለት ነው። በ1188 አገሩን ተዘዋውሮ ያየው ጀራልድ የተባለው ካህን፣ ከዌልሾች ተራው ሰው እንኳ አያቶቹን እስከ ስድስትና ሰባት ትውልድ በቃሉ እንደሚዘረዝር በመገረም ጽፏል። በ1975 (በእኛ 1967) የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከመሆኑ በፊት በጎጃምና በጎንደር ከአቅኚ አባት ጀምሮ እየተቆጠረ ይካሄድ የነበረውን የርስት ክርክር የሚያስታውስ አንባቢ የጀራልድን መገረም ሳይጋራው ይቀራል።

እንግሊዞች አገሪቱን በ1282ና በ1283 ድል አድርገው ከያዙ በኋላ በ1284 ያወጡት ድንጋጌ የወንጀሉን ሕግ ሲለውጥ የመሬት ክፍፍሉን ልማድ ግን ትቶት ነበር። የተለወጠው በ1536ና በ1543 በወጡት ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር ባዋሐዱት ሕጎች ነው። በእነዚህ ሕጎች መሠረት የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ የውርሱም ሥርዓት በእንግሊዝ እንደሚሠራበት ለበኩር ልጅ ብቻ ሆነ። መሬት ለአንድ ሰው ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ ዘር መቁጠር የዕለት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚያልፍ፣ በርስት ሰነድ ላይ የሚሰፍር ስም ነው።

ስለ ለውጡ የሚነገር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ከ1534 ጀምሮ የዌልስ ምክር ቤት የበላይ የነበሩት ጳጳስ ሮላንድ ሊ በችሎት ላይ «ቶማስ አፕ ሪቻርድ አፕ ሃወል» እየተባለ ስሙ እስከ ምንጅላቱ የተጠራ ባላባት ቀርቦላቸው፣ የአባቶቹ ዝርዝር ሰለቻቸውና ከእንግዲህ በርስቱ ስም ሞስቲን እየተባለ እንዲጠራ አዘዙ ይባላል። ታሪኩ እንደተነገረው መፈጸሙ ያጠራጥራል፤ የዘመኑን ጸሐፊዎች ትዕግሥት ማጣት ግን በሚገባ ይገልጻል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የእንግሊዝ ነገሥታት ቤት ጉዳይ ነው። በ1485 ዙፋኑን የያዘው የሄንሪ ሰባተኛ አያት ሙሉ ስሙ «ኦወይን አፕ ማሬዲድ አፕ ቲዩዱር» ነበር። እንግሊዞች የአባቱን ስም ትተው የአያቱን ያዙ፤ በዚህም ምክንያት ሥርወ መንግሥቱ ቱዶር ተባለ። የአባቱ ስም ተይዞ ቢሆን ኖሮ ሄንሪ ስምንተኛንና ኤልሳቤጥን ዓለም የሚያውቃቸው በማሬዲድ ቤት ስም ነበር።

ባላባቶቹ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቤተሰብ ስም ሲይዙ ከሦስት ምንጮች ወሰዱ። አንዳንዶቹ እንደ ሞስቲን የርስታቸውን ስም ያዙ። ሌሎች የአንዱን አያት ቅጽል አጸኑ፤ ሽበታም ወይም ግራጫ ማለት ከሆነው «ሉዊድ» ሎይድ፣ ታናሽ ከሚለው ቮን፣ ቀይ ከሚለው ጎፍ የተባሉት ስሞች ወጡ። የቀሩት ደግሞ «አፕ» የሚለውን ቃል ከአባት ስም ጋር አጣበቁት። አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሃወል ፓወል፣ አፕ ሃሪ ፓሪ፣ አፕ ሂው ፒው፣ አፕ ሪቻርድ ፕሪቻርድ፣ አብ ኦወን ቦወን፣ አብ ኢቫን ቤቫን ሆኑ። ዛሬ እነዚህን ስሞች የሚይዝ ሰው በስሙ መጀመሪያ ላይ ያለችው ፊደል የአንድ ሙሉ ቃል ቅሪት መሆኗን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ተራው ሕዝብ ወደዚህ ሥርዓት የገባው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። ለእንግሊዝ ድንበር ቅርብ በሆኑት አውራጃዎች ለውጡ ቀደም ብሎ ሲፈጸም፣ በሰሜን ምዕራብ በአንግልሲ፣ በካርናርቮንና በሜሪዮኔዝ፣ በምዕራብም በካርዲጋን ገጠሮች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአባት ስም መጠራት አልቀረም ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ለልጆች የሚወጣው ስም እጅግ ተመናምኖ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ቁጥር የሌላቸው የዌልስ ስሞች እየተረሱ ከተሐድሶ በኋላ ልጆች በአብዛኛው ጆን፣ ዊሊያም፣ ዴቪድ፣ ቶማስና ኢቫን ይባሉ ጀመር። በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ የአባት ስም ባለበት ቆሞ የቤተሰብ ስም ሲሆን አገሩ በጆንስ፣ በዊሊያምስ፣ በዴቪስና በኢቫንስ ተሞላ። መጨረሻ ላይ የምትሰማው «ስ» በእንግሊዝኛ የባለቤትነት ምልክት ስትሆን፣ ጆንስ ማለት «የጆን» ማለት ነው። በጥንቱ የዌልሽ ፊደል ገበታ ውስጥ ይህ ስም የሚጀምርበት የእንግሊዝኛ ፊደል ጨርሶ አለመኖሩ ነገሩን አስቂኝ ያደርገዋል፤ የአገሪቱ እጅግ የተለመደ ስም በአገሪቱ ፊደል ሊጻፍ የማይችል ነበር።

ስሙ የቆመው በየቤቱ በተለያየ ጊዜ በመሆኑ ተመራማሪው የሚደርስበትን ችግር በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ1850 ዊሊያም ጆንስ የሚባል ገበሬ ነበረ እንበል። አባቱ ጆን ጆንስ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጆን ኢቫንስም ሊሆን ይችላል፤ የእርሱም አባት ኢቫን ቶማስ፣ የኢቫንም አባት ቶማስ ሪስ ሊሆን ይችላል። አራት ትውልድ፣ አራት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ማለት ነው። ከዚህም በላይ መዝገቡን የሚጽፈው ካህን አንዳንድ ጊዜ በላቲን፣ አንዳንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጽፍ በቤቱ «ዬዋን» የሚባለው ሰው በአንዱ ገጽ ዮሐንስ፣ በሌላው ኢቫን፣ በሦስተኛው ጆን ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ስም መንገድ ካልመራ የሚመራው ስፍራ ነው። በዌልስ ገጠር ሰው የሚታወቀው በእርሻ ቤቱ ስም ነበር፤ ዛሬም ይህ ልማድ አልጠፋም። ሰዎች ጎረቤታቸውን ጆንስ ብለው ቢጠሩ የማንን ጆንስ እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ የቤቱን፣ የሥራውን ወይም የመልኩን ስም ይጨምሩበታል፤ ዳቦ የሚጋግረው ጆንስ «ጆንስ ዳቦ» ይባላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተመራማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው የእርሻ ቤቱንና አጥቢያውን ነው። አጥቢያውን ማግኘትም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም የዌልስ አጥቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በሚለው «ላን» በሚል ቃል ጀምረው በቅዱሱ ስም ይጨርሳሉ። ላንቫይር የማርያም፣ ላንቪሃንግል የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ማለት ሲሆን፣ ሁለቱም ስሞች በመላው አገሪቱ ተደጋግመው ይገኛሉ። አያቱ ላንቪሃንግል ተወለደ የሚል ወረቀት የያዘ አሜሪካዊ «ሚካኤል ደብር አጠገብ ተወለደ» የሚል ወረቀት ይዞ ኢትዮጵያን ከሚዞር ሰው ብዙ አይሻልም።

የአጥቢያ መዝገብ እንዲያዝ ቶማስ ክሮምዌል ያዘዘው በ1538 ነው። በዌልስ ግን ከዚያ ዘመን የተረፈው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ በብዙ አጥቢያዎች መዝገቡ የሚጀምረው ከ1660 በኋላ ነው፤ ካህናቱ በየዓመቱ ለጳጳሱ ይልኩት የነበረው ግልባጭ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። የዘመን አቆጣጠሩም ልብ ሊባል ይገባል። እስከ 1752 ድረስ ሕጋዊው ዓመት የሚጀምረው ማርች 25 ቀን በመሆኑ፣ በፌብሩዋሪ 1720 ተጠመቀ የተባለ ልጅ በዛሬው አቆጣጠር የተጠመቀው በ1721 ነው። ሁለት የዘመን አቆጣጠር እያስማማ ለሚሠራ የአገራችን የመዝገብ ሠራተኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከመዛግብቱ ሁሉ ለቤተሰብ ጥናት የበለጠ ዋጋ ያለው ኑዛዜ ነው። አበሪስትዊዝ በሚገኘው፣ በ1907 በተቋቋመው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1858 በፊት በዌልስ የቤተ ክህነት ፍርድ ቤቶች የጸደቁ ከ190,000 በላይ ኑዛዜዎች ይገኛሉ፤ ማንም ሰው ካለበት ሆኖ ያለ ክፍያ ሊያነባቸው ይችላል። ኑዛዜ የሚጽፍ አባት ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል። ጆን ቶማስ የተባለ ተናዛዥ አንዱን ልጁን ኢቫን ጆን፣ ሌላውን ሪቻርድ ጆንስ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ዊሊያም ቶማስ ሊለው ይችላል፤ ይኸውም ስሙ በአንድ ቤት ውስጥ ሲቆምና ሳይቆም በዓይን የሚታይበት ሰነድ ነው ማለት ነው። ከኑዛዜው ጋር የሚያያዘው የንብረት ዝርዝር ላሙን፣ ድስቱን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ሳይቀር ይቆጥራል። በ1836 በወጣው የአሥራት ሕግ መሠረት የተነሡት የአጥቢያ ካርታዎችም እያንዳንዱን ማሳ ከባለቤቱና ከያዡ ስም ጋር ስለሚያሳዩ፣ የእርሻ ቤቱን ስም ላወቀ ሰው በር ይከፍታሉ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመንግሥት የተጀመረው በ1837 ነው። የነዋሪውን ሁሉ ስም በዝርዝር የያዘው የሕዝብ ቆጠራ ከ1841 ጀምሮ ሲገኝ፣ የተወለደበትን አጥቢያ የሚናገረው ግን የ1851ዱና ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ይህ የትውልድ ስፍራ ዓምድ ባይኖር ኖሮ የደቡብ ዌልስ ቤተሰቦች ታሪክ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ኋላ ሊሄድ ባልቻለም ነበር። በ1851 ነዋሪዎቹ ከ2,000 የማይበልጡት የሮንዳ ሸለቆዎች በድንጋይ ከሰል ምክንያት በ1911 ከ150,000 በላይ ሰው ይኖርባቸው ነበር። ከየገጠሩ የመጣው ገበሬ የእርሻ ቤቱን ስም ከኋላው ትቶ በማዕድን ማውጫው ደመወዝ መዝገብ ላይ ከብዙ ጆንሶች አንዱ ሆነ።

የመዛግብቱን ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያወሳስበው ሃይማኖት ነው። በ1851 በተደረገው የአምልኮ ቆጠራ በዌልስ ከአምስት አምላኪዎች አራቱ ያህል ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ፕሮቴስታንቶች ሆነው ተገኝተዋል። የካልቪን ሜቶዲስቶች እስከተለዩበት እስከ 1811 ድረስ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ያስጠምቁ ነበር፤ ከ1754 እስከ 1837 ድረስም ከኩዌከሮችና ከአይሁዶች በቀር ማንኛውም ሰው ጋብቻውን በዚያ እንዲፈጽም ሕጉ ያስገድድ ነበር። የጸሎት ቤቱ የጥምቀት መዝገብ ግን በብዙ ስፍራ የፓስተሩ የግል ንብረት ሆኖ ይቆጠር ስለነበረ ፓስተሩ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ይዞት ይሄዳል። ከ1837 በኋላ መንግሥት እነዚህን መዛግብት ሰብስቦ ለንደን ያስቀመጠ ሲሆን፣ ያልተሰበሰቡትም ብዙ ናቸው። ከዚህ ሌላ የጸሎት ቤቶቹ ዓመታዊ ሪፖርት እያንዳንዱ አባል ያዋጣውን ገንዘብ ከነቤቱ ስም ያትም ነበር፤ ወርኃዊ መጽሔቶቻቸውም የሟቾችን የሕይወት ታሪክ ያወጡ ነበር። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት በዌልሽ ቋንቋ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ተመራማሪ መንግሥት ስለ አያቱ የጻፈውን ሊያነብ ይችላል፤ ጎረቤቶቹ ስለ እርሱ የጻፉትን ግን ለማንበብ አይችልም።

የተጻፈ ነገር ሁሉ ደግሞ የሚታመን አይደለም። ኢዮሎ ሞርጋንግ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ኤድዋርድ ዊሊያምስ (1747–1826) የግላሞርጋንን ታሪክ ከፍ ለማድረግ በነበረው ምኞት የጥንት ግጥሞችንና ዜና መዋዕሎችን ራሱ እየፈጠረ ከአሮጌ ብራና ገለበጥኩ ይል ነበር። ሊቅነቱ የማያጠራጥር በመሆኑ ሐሰቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንትን አታልሏል፤ በ1926 ግሪፊዝ ጆን ዊሊያምስ ነገሩን ካጋለጠ በኋላም የኢዮሎን ፈጠራ እንደ እውነት የያዙ የቤተሰብ ታሪኮች ከመሠራጨት አልተገቱም። በአንጻሩ የፒተር ባርትረም ሥራ ይገኛል። ባርትረም (1907–2008) በሙያው የአየር ጠባይ ተመራማሪ የሆነ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በቤርሙዳና በምዕራብ አፍሪካ በቅኝ ግዛት አገልግሎት ሠርቷል፤ ዌልሽን የተማረው በራሱ ፍላጎት ነው። በትርፍ ጊዜው የብራና የዘር ሐረጎችን አንዱን ከሌላው ጋር እያመሳከረ ከ300 እስከ 1400 ያለውን በ1974 በስምንት፣ እስከ 1500 ያለውን በ1983 በአሥራ ስምንት ጥራዞች አሳተመ። ማንኛውም ፕሮፌሰር ሊያፍርበት የማይገባ፣ ይልቁንም ሊቀናበት የሚገባ ሥራ ነው። ይሁንና ይህ ሁሉ የሚያገለግለው ዘሩን ከባላባቶቹ ጋር ማገናኘት ለቻለ ሰው ነው፤ በባርትረም ጥራዝ መጨረሻና በአጥቢያው መዝገብ መጀመሪያ መካከል ያለውን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የሚሆን ክፍተት ተራው ቤተሰብ የሚሻገርበት ድልድይ እምብዛም የለም።

ስሙ ያለ ቤቱ ባሕር ሲሻገር የሚያጋጥመው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1865 ሚሞዛ በተባለች መርከብ ከሊቨርፑል ተነሥተው ወደ ፓታጎኒያ የሄዱት መቶ ሃምሳ ያህል ሰዎች በአንድነት ስለሰፈሩና ቋንቋቸውን ስለጠበቁ ልጆቻቸው የመጡበትን አጥቢያ አልረሱም። ወደ ፔንስልቬኒያ የከሰል ጉድጓዶች በየግላቸው የሄዱት ግን የወረሱት ስም ጆንስ ብቻ ነው። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚሁ በር እያለፉ ናቸው። በጉዞ ሰነዱ ላይ በሦስተኛ ደረጃ የተጻፈው የአያት ስም በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ እዚያ የሚወለደውም ልጅ የአባቱን ስም ዘሎ የቅድመ አያቱን ስም ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል። ሁለት ወንድማማቾች በተለያየ ጊዜና በተለያየ አገር ተመዝግበው አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስሙ ያደረገ እንደሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ ልጆቻቸው ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚያሳይ መዝገብ የት ይገኛል? የአያትን ስም ከአባት ስም፣ የቆመውን ስም ከተለወጠው ለይቶ የሚጽፍ ቅጽ ማዘጋጀት ለመዝገብ ሠራተኛው ቀላል ነገር ነው፤ የዌልስ ጸሐፊዎች ይህን አላደረጉም።

በዌልስ አሁን አስቸኳይ የሆነው ጉዳይ የጸሎት ቤቶቹ ነው። ምእመናኑ እያነሱ በመሄዳቸው በየመንደሩ የቆሙት ሕንፃዎች እየተዘጉ ወደ መኖሪያ ቤትነትና ወደ መጋዘንነት ይለወጣሉ። የቤተሰብ ታሪክ ማኅበራት አባላት በየመቃብሩ እየዞሩ በሰሌዳ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ይገለብጣሉ፤ በዚያ ላይ ከሟቹ ስም ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ የእርሻ ቤቱ ስም ተጽፎ ይገኛል። በአንዳንድ ስፍራ የመጨረሻው ሽማግሌ መዝገቡንና የዓመታዊ ሪፖርቱን እትሞች ለአውራጃው ቤተ መዛግብት ያስረክባል። በሌላው ደግሞ መዝገቡ የት እንደገባ የሚጠየቅ ሰው ሳይገኝ የሕንፃው ቁልፍ ለገዢው ይሰጣል።